የሲጋራ ማጣሪያ አክሲዮንና የላስታ ልጆች ደብተር

ባለፈው ሳምንት የላስታ ተወላጅ ተማሪዎች ባደረግነው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ቀርቦ ሳይወሰን ቀርቷል። ነገሩ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ብዙ ስለ ተወራ፣ ግማሹም ተጣምሞ ስለ ተነገረ፣ እንደ ነበረ ማስቀመጡ ይሻላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንድ የአገራችን ተወላጅ፣ ከቢልባላ፣ ከገነተ ማርያምና ከዙሪያው ገጠር ወጥተው ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች መርጃ የሚኾን አክሲዮን ለማኅበራችን ሊሰጡ ፈቅደዋል። አክሲዮኑ ሳይሸጥ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩ የሚከፈለው ትርፍ ለደብተር፣ ለጫማና ለቤት ኪራይ ይላካል። የኩባንያው ስም ለጊዜው ይቈይ። ሲጋራ አይሠራም። የሚሠራው ለሲጋራው ጫፍ፣ ፊልተር ለምንለው ማጣሪያ፣ የሚኾነውን ጥጥ መሰል ነጭ ክር ነው።

አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ጫማውን ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አላጨበጨብኩም ብዬ አልዋሽም።

የላስታን ችግር ለላስታ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ኾኖም የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሁሉ የላስታ ሰው አይደለም። ላሊበላ የሚኖረው በእንግዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ራሱ ከተማው ውስጥ ገባ፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ ሌላ ውጊያ ተከተለ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈው እኅት ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከአቡነ ዮሴፍ ሥር ገብስ የሚዘራው ገበሬም ልጁን ከተማ አስቀምጦ የሚያስተምረው በሶ ቋጥሮ በመላክ ነው። እንግዲህ ተቃውሞዬ ገንዘቡ አያስፈልግም ከማለት የመጣ አይደለም።

ጭብጨባው ካበቃ በኋላ የተነገረው ምክንያት ግን አልተዋጠልኝም። «ማጣሪያ እኮ መርዙን የሚቀንስ ነው፤ እንዲያውም ለአጫሹ ውለታ ነው» ተባለ።

የማጣሪያው ታሪክ ይህን አይልም። ማጣሪያ ያለው ሲጋራ ገበያውን የያዘው ከ1950 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ሐኪሞች ሲጋራና የሳንባ ነቀርሳ ያላቸውን ዝምድና ማሳየት ሲጀምሩና አጫሹ ሲደነግጥ ነው። በዚያን ጊዜ ኬንት የተባለው ሲጋራ «ማይክሮናይት» የሚል ማጣሪያ ይዞ ወጣ። ከ1952 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በዚያ ማጣሪያ ውስጥ የነበረው አስቤስቶስ ነው። የማጣሪያውን ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው ሆሊንግስዎርዝ ኤንድ ቮዝ የተባለ የወረቀት ፋብሪካ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ይህን ማጣሪያ በመሥራት ላይ የነበሩ 33 ወንዶች ከዓመታት በኋላ ተከታትለው ሲጠኑ 28ቱ ሞተው ተገኙ፤ በተለመደው የሞት መጠን ቢኾን ኖሮ የሚጠበቀው 8 ገደማ ነበር። ጥናቱ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። እነዚህ ሰዎች ሲጋራ አልሸጡም። አቅራቢ ነበሩ።

ዛሬ ማጣሪያው አስቤስቶስ የለበትም፤ ከእንጨት ከሚገኝ ሴሉሎስ አሴቴት የተሠራ ነው። አሜሪካውያኑ ኢስትማንና ሴላኒዝ፣ የጃፓኑም ዳይሴል ከዚህ ክር ሠሪዎች መካከል የታወቁ ናቸው። ክሩ ጢሱን ለአጫሹ ለስላሳ ያደርግለታል፤ በሽታውን ግን አላስቀረም። የአሜሪካ የጤና ሹም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እንዳመለከተው፣ አየር የሚያስገባው ማጣሪያ አጫሹ ጢሱን ወደ ሳንባው ጥልቅ እንዲስብ እያደረገ አንዱን የሳንባ ነቀርሳ ዐይነት ሳያበዛው አልቀረም። ውለታው ይህ ነው።

«እንዲህ ከኾነ ጌሾ የምትሸጠውን እናቴንም ክሰሳት» ያለኝ ጓደኛ አለ። ይህኛው ክርክር እውነቱን ለመናገር ሁለት ሌሊት አስቸግሮኛል። የቅዳሜ ገበያ ጌሾ የምትሸጥ ሴት ጠላ ጠማቂ አይደለችም፤ ትርፏም ጠጪው በበዛ ቍጥር ይበዛል። ታዲያ በምን ትለያለች? የምትለይበት ነገር አለ። ጠላ በድግስና በማኅበር ጠጥቶ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሽማግሌ በየቀበሌያችን አለ። ሲጋራ ግን ሠሪው እንደሚፈልገው፣ በየዕለቱና ሳይቋረጥ ሲጨስ፣ ካልተዉት አጫሾች እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ይገድላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የሚለው ይህንን ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በትምባሆ ይሞታል። ይህ የአንዳንድ ሰካራም ጥፋት አይደለም፤ የዕቃው የዘወትር ሥራ ነው።

«መኪናው፣ መብራቱ፣ ባንኩስ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ነገ ሲጋራ ከዓለም ቢጠፋ ባለመኪናው ጤፍ ይጭናል። የማጣሪያ ክር ግን ከሲጋራ ሌላ ይህ ነው የሚባል ገበያ የለውም። ከአክሲዮኑ በየሦስት ወሩ እንዲደርሰን የምንጠብቀው ገንዘብ እንዳይቀንስ አጫሹ መቀነስ የለበትም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛው ደጅ ይመጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የትምባሆ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 ከመቶ ብቻ ኾኖ ተገኘ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። በዚያው ዓመት፣ ማለት በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ሽማግሌዎቻችን «ትምባሆ ሞኖፖል» ከሚሉት ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ የየመኑ ሼባ ቡድን የያዘውን 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበት፤ የቀረው በመንግሥት እጅ ቀረ። ከመቶ 5 ሰው ብቻ ትምባሆ ለሚጠቀምባት ድኻ አገር 944 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ለእነዚያ 5ቱ ብቻ ነውን? እኔ እንደሚመስለኝ የተገዙት ገና ያልጀመሩት 95ቱ ናቸው፤ ከነዚያም መካከል ጫማ እንገዛላቸዋለን የምንላቸው የላሊበላ ልጆች አሉበት።

መንግሥታችን በ2006 ዓ.ም. የዓለምን የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት አጽድቋል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1112 ማስታወቂያውን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አዝዟል፤ ከፓኮው ፊት 70 ከመቶውን ለማስጠንቀቂያ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኤክሳይዝ ታክስ ጨምሮበታል። በአንድ እጁ እየከለከለ በሌላ እጁ አክሲዮን መያዙ ለመምህራኖቻችን ጥሩ የክርክር ርእስ ይኾናል፤ እኔ ዛሬ አልገባበትም። እኛም በአነስተኛ መጠን ያንኑ ለማድረግ ነውና የተሰበሰብነው።

አንዳንዶች «ይህ የቀሳውስት ነገር ነው» ብለው ሊያሳንሱት ሞክረዋል። ዙፋኑን ከላስታው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የወሰዱት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አጫሹን ከንፈሩን ይቈርጡ እንደ ነበር ይነገራል፤ ያንን የሚመኝ የለም። በልጅነቴ ትምባሆ ሲመሰገን የሰማሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከብት አፍንጫ አልቅት ለማስለቀቅ።

ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ሁሉ የሚከብደውን አልደብቅም። እኛ እምቢ ብንል ኩባንያው አንድ ሳንቲም አይጐድልበትም። አክሲዮኑን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ማሽኑም አይቆምም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. የትምባሆ አክሲዮኑን ሲያወጣ፣ የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ገንዘብም በ2010 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ኩባንያዎችን፣ ቅጠል ነጋዴዎቹን ጭምር፣ ከመዝገቡ ሲሰርዝ፣ ሲጋራ አልጠፋም። ትርፉም ቀላል አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የትምባሆ አክሲዮን ላይ የዋለ 1 ዶላር ትርፉ እየተጨመረበት እስከ 2014 እ.ኤ.አ. 6.3 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን የለንደን መምህራን አስልተዋል። እንግዲህ እምቢታችን ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የምንከፍለው እኛ ሳንኾን ልጆቹ ሊኾኑ ይችላሉ። ይህን ሳያምን እምቢ የሚል ሰው ካለ ገና አላሰበበትም።

ኾኖም ማኅበራችን የሚጠየቀው ኩባንያውን እንዲዘጋ አይደለም። የሚጠየቀው ለዓመታት በየሦስት ወሩ የሚጠብቀው ነገር ምን እንዲኾን ነው። ተማሪ ልጆቹን «አታጭሱ» ብሎ በክረምት ሊያስተምር የሚሄድ ማኅበር፣ ምክሩ በሰመረ ቍጥር ገቢው የሚቀንስ ከኾነ፣ ውሎ አድሮ ስለ ምክሩ ዝም ማለት ይጀምራል። ሰው ክፉ ስለ ኾነ አይደለም፤ ሒሳብ ያዡ ስለሚያስታውሰው ነው።

እንዲሁም በውጭ ያሉትን ወገናችንን የምንወቅስበት ምክንያት የለም። በአሜሪካ ሠራተኛው ለጡረታ የሚያጠራቅመው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገባው የአምስት መቶ ታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ በሚገዛ ከረጢት ውስጥ ነው፤ አልትሪያና ፊሊፕ ሞሪስም በዚያ ውስጥ አሉ። በየሌሊቱ ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ሳያውቅ የሲጋራ ባለቤት ነው። እኒህ ሰው ግን ያላቸውን ነግረውን ጠይቀውናል። የጠየቀ ሰው እውነተኛ መልስ ይገባዋል።

ስለዚህ በስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ምስጋና እንጻፍላቸው፤ አክሲዮኑን እንዲሸጡትና ገንዘቡን በአንድ ጊዜ እንዲልኩልን፣ ወይም በሌላ ሥራ ላይ እንዲያውሉት እንለምናቸው። «የተሸጠበት ገንዘብስ የማን ነው?» ትሉኝ ይኾናል። እርግጥ ነው፣ ያው ከትምባሆ የመጣ ገንዘብ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ነገው አጫሽ የምንጓጓበት ነገር አይኖርም። ለእኔ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የማይበቃችሁ ካላችሁ ተነሥታችሁ ተናገሩ። እሳቸው የማይስማሙ ከኾነና ስጦታው ከቀረ፣ በወር 50 ብር ከየራሳችን እንድናዋጣ፣ መምህራኖቻችንም እንደ አቅማቸው እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። የእኔን የመጀመሪያውን ወር ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ።

የደብዳቤው ረቂቅ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ስብሰባው ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ነው።