ዱላችን የሚያርፈው በሚሸሸው ላይ ነው፦ ስለ ሣር እባቦች አንድ አስተያየት

ባለፈው መስከረም በነቀምቴ ጨለለቂ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች አንድ ቀጭን፣ ቡናማ እባብ ገድለው ደረስሁ። «ቡቲ ነው» አሉኝ፤ እፉኝት ማለታቸው ነበር። ይሁንና ጭንቅላቱ ጠባብ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ብሌኑ ክብ፣ ጅራቱም ረጅም ነበር። ሳሞፊስ ከሚባለው ወገን የሆነ የሣር እባብ እንጂ እፉኝት አልነበረም።

በአውሮፓ መጻሕፍት የሣር እባብ ተብሎ የሚታወቀው ናትሪክስ እንቁራሪት አዳኝ ነው፤ ሲያዝ የሞተ መስሎ ይዘረራል። እርሱ በኢትዮጵያ አይገኝም። የእኛው ሳሞፊስ በቀን የሚያድን፣ በዓይኑ የሚመራ፣ እንሽላሊትና አይጥ የሚበላ ፈጣን እባብ ነው። የመርዝ ጥርሶቹ በላይኛው መንጋጋ ወደኋላ ያሉ ሲሆኑ መርዙ ለሰው ሕይወት አያሰጋም። ጅራቱ ሲያዝ ይበጠሳል፤ እንደ እንሽላሊት ግን ዳግም አያድግም።

የክርክሬ መነሻ የሁለቱ ጠባይ ልዩነት ነው። ሳሞፊስ ኮቴ ሲቀርበው ይሸሻል፤ ሲሸሽም ይታያል። እፉኝት ግን በቀለሙ ተማምኖ ባለበት ይተኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነድፈውም ሲረገጥ ነው። ስለዚህ ዱላችን የሚያርፈው በሚሸሸው ላይ ሲሆን አደገኛው በሣሩ ውስጥ ይቀራል። የአይጥ አዳኝ አጥፍተን ለእግራችን ምንም አላተረፍንም።

በእርግጥ ገበሬ በድንገት ያገኘውን እባብ ብሌን እንዲመረምር አይጠበቅም፤ ኮብራም እኮ ይሸሻል። የምለው ያልታወቀን እባብ እንንካ አይደለም፤ ራቅ ብለን መንገድ እንልቀቅለት ነው። እግርን የሚጠብቀው ቦቲ ጫማና የሌሊት መብራት ነው፤ የተነደፈን ሰው የሚያድነውም ቁስሉን ሳይበጡ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦ፣ እስከ 2030 ሞትንና የአካል ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስ ግብ ጥሏል። ላርገንና ስፖልስም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እባቦች በዝርያ ለይተዋል። ለእኛ ለተመራቂ ተማሪዎች የቀረልን ሥራ ቅርብና ርካሽ ነው፦ የተገደሉትን ፎቶ ማንሳት፣ ቦታና ወር መመዝገብ፣ የወለጋ ገበሬ በአፋን ኦሮሞ የሚጠራቸውን ስሞች ከዝርያዎቹ ጋር ማዛመድ። «ቡቲ» የሚለው ስም ስንት ዓይነት እባብ እንደሚሸፍን ሳናውቅ የምንሰጠው የጥንቃቄ ትምህርት ከገበሬው ጆሮ አይደርስም።