በአልትራሳውንድ የሚወጣ የእህል ፖሊሳካራይድ፦ ከመጠኑ በፊት ዝልግልግነቱ

አብሽ በውኃ ተዘፍዝፎ ሲመታ ኩፍ የሚለው፣ ተልባም ሲበጠበጥ የሚዝለገለገው፣ ፖሊሳካራይድ የሚባሉት ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውኃ ስለሚይዙ ነው። ከእነዚሁ ወገን የሆነው የአጃና የገብስ ቤታ-ግሉካን የደም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ እንደሚረዳ በጥናት ተረጋግጧል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በቀን 3 ግራም ቤታ-ግሉካን፣ ጮማ ካልበዛበት አመጋገብ ጋር፣ የልብ ሕመም ሥጋትን ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲገለጽ በ1997 እ.ኤ.አ. ለአጃ፣ ቆይቶም ለገብስ ፈቅዷል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እነዚህን ንጥረ ነገሮች በአልትራሳውንድ ለይቶ ማውጣት የተመራማሪዎችንና የአምራቾችን ትኩረት ስቧል። ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ እጅግ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ በኃይል ሲከስሙ የእህሉን የሴል ግድግዳ ይሰነጥቃሉ፤ ውኃውም ዘልቆ ይገባል፤ የተፈለገው ንጥረ ነገር ይሟሟል። በሙቅ ውኃ ብቻ ሰዓታት የሚፈጀው ሥራ በደቂቃዎች ሊጠናቀቅ፣ የሚያስፈልገውም ሙቀት ሊቀንስ ይችላል።

ይሁን እንጂ የሴል ግድግዳን የሚሰነጥቀው ኃይል ሰንሰለቶቹንም ይቆራርጣል። ቤታ-ግሉካን ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው በዋነኛነት አንጀት ውስጥ በሚፈጥረው ዝልግልግነት በመሆኑ፣ ኃይሉ ሲበዛ ወይም ጊዜው ሲረዝም የሚገኘው ምርት ጨምሮ ጥቅሙ ሊቀንስ ይችላል። አጫጭር ሰንሰለት ለሚፈለግበት፣ ለምሳሌ መጠጥን ሳያወፍር እንዲሟሟ ለሚታሰብ ምርት ግን ይኸው መቆራረጥ ጠቃሚ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ለመሰማራት የሚያቅድ ባለሀብት መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት፣ ከምርቱ መጠን ባልተናነሰ የዝልግልግነትና የሞለኪውል ክብደት የላቦራቶሪ ውጤት ሊጠይቅ ይገባል።

ለሸማቹ ደግሞ «በአልትራሳውንድ የወጣ» የሚለው ጽሑፍ የአመራረቱን ዘዴ እንጂ የምርቱን ፈዋሽነት አያመለክትም። የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ምግብ ከመግዛትዎ በፊት መመዝገቡን ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያረጋግጡ። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የአብሽ ጭማቂ ዱቄትም ሆነ እንክብል ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ይገባል።

ቤታ-ግሉካንን ለማግኘት የግድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በ100 ግራም ገብስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ግራም ይገኛል፤ በሶና ቆሎም የሚዘጋጁት ከዚሁ እህል ነው።