የመሬቱ ባለቤትና የረኃቡ ተጠያቂ

ስለ ገበሬው በአደባባይ የሚነገረው ንግግር በአገራችን እንደ ዝናቡ ወራት አለው፤ ሰማዩ የቀና እንደ ሆነ የገበሬው መብት ይወደሳል፥ በልጉ ከቀረና መኸሩ ከተበላሸ ግን ያው ተናጋሪ ቃሉን ለውጦ የሥራን ክቡርነትና የጥገኝነትን አስከፊነት ይሰብካል። እኔ የምለው ግን፥ ከሰው የሚጠየቀው ኃላፊነት በእጁ ባለው ሥልጣን ልክ ሊመጠን ይገባል፤ ስለዚህም የመሬቱን ባለቤትነት ለራሱ ያስቀረ መንግሥት፥ የረኃቡን ወቀሳ ለገበሬው ብቻ ሊያወርሰው ርትዕ አይደለም።

ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአምባሰሏ ውጫሌ በታሪክ የታወቀችው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውል ነው። የአምባሰልን ገበሬ ከመንግሥቱ ጋር ያሰረው ውል ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ነው፤ ይህ አዋጅ ለባለርስት ሲገብር የኖረውን ጭሰኛ ነጻ አውጥቶ፥ መሬቱን የሕዝብ ሀብት አደረገው። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን በነጻ የማግኘትና ከይዞታ ያለመነቀል መብትን ሲያጸና፥ መሸጥንና መለወጥን ከለከለ። ጸጋው ትልቅ ነው፥ አላቃልለውም። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው መሬቱን ካጎሳቆለ የመጠቀም መብቱን እንደሚያጣ፥ ተዳፋትነቱ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነ መሬት ያለ እርከን አዝመራ እንደማይዘራበት፥ ከ60 በመቶ የበለጠውም ጭራሹን እንደማይታረስ ደነገገ። ስለ አፈሩ ሕጉ እውነት ተናግሯል፤ ነገር ግን የአምባሰልን ዳገት ያየ ሰው፥ ከአባቱ የደረሰው ቁራሽ መሬት እዚያው ገደል አፋፍ ላይ የሆነበት ጎልማሳ ሕጉን ጠብቆ በምን ይኖራል ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው በዚያው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረውና በየቀበሌው ሴፍቲኔት እየተባለ በሚጠራው፥ ለችግረኛው በሥራ ልዋጭ እርዳታ በሚከፍለው መርሐ ግብር ነው። አንዲት ሴት በጥር ብርድ ማልዳ ወደ ተራራው ትወጣለች፤ ድንጋይ ተሸክማ ለእርከኑ ታቀብላለች፤ ስሟ ሲጠራ አቤት ትላለች። ሥርዓቱ ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ስለሚያስብ፥ አቅም ያላት እርሷ ከራሷ ድርሻ በላይ ሥራ የማይችሉትን የሕፃናቱንና ያረጁ እናቷን ድርሻ ትሸከማለች። የተጠቃሚዎች የመብትና የኃላፊነት ቻርተር የሚባል ጽሑፍም አለ፤ በእርሱ መሠረት ክፍያዋን በጊዜውና ሳይጎድል ልታገኝ መብቷ ነው፥ ሥራውን በሚገባ ልትፈጽምም ግዴታዋ ነው። በወረቀት ላይ ሚዛኑ እኩል ይመስላል። አንድ ቀን ብትቀር ግን የዚያ ቀን ዋጋ ይቀነስባታል፤ ክፍያው አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ዘግይቶ ሲመጣ ግን ከማንም ደመወዝ የሚቀነስ ነገር የለም። እርሷ በመካከሉ ፍየሏን በርካሽ ትሸጣለች፥ ለዘር ያስቀመጠችውንም ማሽላ ትፈጫለች፤ በዓመቱ ደግሞ ጥሪት አላፈራችም፥ ከእርዳታው አልተመረቀችም፥ የጥገኝነት መንፈስ አድሮባታል ተብላ በስብሰባ ትወቀሳለች። ይህን የመሰለ ወቀሳ ሕሊናን ያቆስላል።

ይህን ስል የግል ኃላፊነትን መናቄ አይደለም። የላይኛው ገበሬ እርከኑን ችላ ካለ ጎርፉ የሚወርደው በታችኛው ማሳ ላይ ነው፤ እርዳታ ለመቀበል ሲል ቤተ ሰቡን ከፋፍሎ የሚያስመዘግብም አይጠፋም። ወሎዬው ግን ኃላፊነትን ከባለሥልጣን ስብከት አልተማረም፤ በቅሬው፥ ማለት በዕድሩ፥ ቀብር ላይ ያልተገኘ፥ በደቦው ተረድቶ በተራው የቀረ፥ ክርስቲያን ይሁን እስላም፥ በጎረቤቱ ፊት መልስ ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተራው ይጠየቃልና ፍርዱ ይከበራል። ወደ ቀበሌው አዳራሽ ስንገባ የምናጣው ይህንኑ ተራ ነው።

ረኃብ የገበሬው ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ሁሉ ማስረጃ ነው። መንግሥቱ ረኃቡን ሲሸሽግ፥ የተራበው ሕዝብ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ወደቀ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፥ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፥ ከወሎም ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበረ፤ ሰው ያለቀው የሚገዛበት አቅም በማጣቱ ነው። ለዚህ ሙት ሁሉ ስንፍናን ምክንያት ማድረግ ማን ይደፍራል?

ዛሬም ምግብ በሕገ መንግሥታችን የተጻፈው መሠረታዊ መብቶች በተዘረዘሩበት በምዕራፍ 3 ሳይሆን፥ በምዕራፍ 10 በአንቀጽ 90፥ የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ከሚለው ቃል በታች ነው። ያ ቃል እስኪታረም ድረስ ብዙ ዘመን ይፈጅ ይሆናል፤ ቻርተሩን ማረም ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። ክፍያ የሚውልበት ቀን ተቆርጦ ይጻፍበት፤ ቀኑ ሲያልፍም፥ ከሴቲቱ የቀረችበት ቀን እንደሚቀነስ ሁሉ፥ ለዘገየባት ለእያንዳንዱ ሳምንት ካሣ ይጨመርላት።