የበረሃው አንበሳ በመዳፍ ላይ አይያዝም

በየቤታችን «ፊልም ፊልም ነው፤ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ማለት ተለምዷል። ስለዚህም ልጁ ያገኘውን ሁሉ በእጅ ስልኩ ላይ እየቆራረጠ ያያል። ሌላው ወገን ደግሞ ስክሪን በሙሉ ጥፋት ነው ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ልጁ በጓሮ ዞሮ ይገባል። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ታላቅ ታሪክ በልኩ ሲታይ ልብን ያስተምራል፤ ሲያንስ ይዋረዳል።

የሶሪያው ተወላጅ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበውን «የበረሃው አንበሳ» እንውሰድ። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ይህ ፊልም የሊቢያውን የቁርኣን መምህር የሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን ተጋድሎ ያሳያል። በሰፊው ስክሪን ላይ በረሃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋል። ፈረሰኛው ከታንክ ፊት ሲቆም የኃይሉ ልዩነት ያለ ተራኪ ይገባል። ሕዝቡ በእሾህ ሽቦ ታጥሮ የታጎረበት ካምፕ ዓይን እስኪደክም ይታያል። በስልክ ላይ ግን ያ ሁሉ ፍጡር ጉንዳን ያክላል። ለጉንዳን ማን ያለቅሳል?

«የሊቢያ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን ሸይኽ እ.ኤ.አ. በ1931 በገዛ ወገኖቻቸው ፊት ያሰቀለው ማን ነው? ግራዚያኒ ነው! የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም ያጠበውም እርሱ ነው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1982 ፊልሙ የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ አገደችው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። እንግዲህ አስተውሉ! እነርሱ የፈሩትን ፊልም እኛ እንደ ቀልድ በጣታችን እየገፋን እናልፈዋለን።

እርግጥ ነው፤ ፊልም ኪታብን አይተካም። አንቶኒ ኩዊንም ተዋናይ እንጂ ሸይኽ ዑመር አይደለም። ልጅ ይህን ለይቶ የሚያውቀው ግን አባትና እናት አጠገቡ ሲቀመጡ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ሰላታችሁን ሰግዳችሁ፣ ስልኩን አስቀምጣችሁ፣ ጎረቤት ጠርታችሁ፣ ቢቻል በመድረሳው አዳራሽ ነጭ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር አሳዩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይታይ። የስቅላቱ ትዕይንት ለሕፃናት ስለሚከብድ ታዳጊዎቹ ይቀመጡ፤ ካለቀ በኋላም ጠይቋቸው።

በፍጻሜው ሸይኹ ሲሰቀሉ መነጽራቸው ከእጃቸው ይወድቃል፤ አንድ ትንሽ ልጅም ያነሳዋል። በስልክ ላይ ያ መነጽር ነጥብ ያህል ነው፤ አይታይም። ልጆቻችን ያላዩትን እንዴት ያነሱታል?

አላህ (ሱ.ወ.) ታሪካችንን የሚያውቅ፣ አደራውንም የሚያነሳ ትውልድ ያድርጋቸው። አሚን።