የእንሰት ቍጥር በግንድ ነው ወይስ በዘር?

ከብት ሲቈጠር ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ራስ አንድ ነፍስ ነው። በፍሬ ሳይሆን ከአካሉ ተቈርጦ በሚባዛ ተክል ላይ ግን እንዲህ ያለው አቈጣጠር ያሳስታል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ምግብ የሆነው እንሰት ነው። ገበሬው ገና ያልደረሰውን እንሰት ከአሚቾው በላይ ይቈርጥና፥ የመካከሉን ቡቃያ አውጥቶ፥ አሚቾውን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጥ፥ ይፈላል። እነዚህ ችግኞች ለጎረቤት ቢሰጡ ወይም ወደ ሩቅ ገበያ ቢወሰዱ፥ በዘር ሲመረመሩ ልጆች አይደሉም፤ ያችው እናታቸው ናቸው። ስለዚህ የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለት ቍጥር ይለያሉ፤ አንደኛው በራሱ ሥር የቆመ እያንዳንዱ ግንድ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከአንድ ፍሬ ተወልዶ በብዙ ግንድ የተበተነው አንድ ተክል ነው።

ለመከር የሚጠቅመው የመጀመሪያው ቍጥር ነው። በሽታ የሚፈርደው ግን በሁለተኛው ነው፤ አንዱን ግንድ ያሸነፈ ደዌ ወንድሞቹን ሁሉ ለማሸነፍ ይችላልና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርላንድ ድንችን ያበሰበሰው በሽታ ጥቂት ዓይነት ብቻ ተተክሎ ስላገኘ፥ በተከተለው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። በኢትዮጵያም የእንሰት አጠውልግ በሽታ በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በሊቃውንት ጽሑፍ ተገልጧል፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቷል። የዚያ አገር የደጋ ሙዝ ስሙ ብዙ ቢሆንም፥ በጥቃቅን ለውጥ የሚለያይ የአንድ ጥንታዊ ተክል ዘር መሆኑን ምርመራ አሳይቷል።

እንግዲህ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በእንሰትም አንዱ ዘር በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም ሲኖረው፥ የተለያዩ ዘሮች ባንድ ስም ሲጠሩ ተገኝተዋል።

ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት የግንዱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የዘሩንም ዓይነት መመዝገብ ይገባቸዋል። ገበሬውም አባቶቹ እንዳቈዩት በጓሮው ብዙ ዓይነት ያኑር፤ የታመመ እንሰት የነካውንም ቢላዋ በእሳት ሳያነጻ ወደ ጤነኛው አይውሰድ። በማሳው ሺህ ግንድ ያለው ሰው፥ ሁሉም የአንድ ዘር ከሆነ፥ በበሽታ ፊት የአንድ ተክል ባለቤት ነው።