ቁጠባ ከአምፖሉ ይጀመር

ሐረር በግንቧ የታወቀች ጥንታዊት ከተማ ናት። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በጠባብ መተላለፊያዎቿ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው የተሠሩት ነባር ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጥቂት ነው። ብርሃን የሚገባላቸው በአብዛኛው ወደ ግቢው በሚከፈተው በር በኩል ስለሆነ፣ ሰማዩ ሲደምን ወይም በሩ ሲዘጋ መብራት ማብራት ግድ ይሆናል። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት አምፖል ይብራ የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በእኔ አስተያየት ነባሩ ባለ ክር አምፖል ቦታውን ለኤልኢዲ አምፖል መልቀቅ ይኖርበታል።

ባለ ክሩ አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ቀጭን የብረት ክር እስኪግል ድረስ በማሞቅ ነው። ስለዚህም ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኤልኢዲ ግን ክር ሳያግል ብርሃን ስለሚሰጥ፣ ባለ 60 ዋቱ አምፖል የሚሰጠውን ያህል ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። አንድ ቤተሰብ አራት አምፖሎችን በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ቢያበራ፣ በባለ ክሩ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት፣ በኤልኢዲ ግን 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። በአገራችን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ልዩነቱ ለኑሮው ለሚጨነቅ አባወራ የሚናቅ አይደለም።

«የህዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ስለምን እንቆጥባለን?» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ግድቡ ያመነጨው ኃይል ቤታችን የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር አማካይነት ነው። ማታ ሁሉም መብራቱን በአንድ ጊዜ ሲያበራ ጫናው የሚያርፈው በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ከዚህም በላይ ብዙ የገጠር ወገኖቻችን ዛሬም በኩራዝና በባትሪ ያመሻሉ። እነርሱ ሳያገኙ እኛ ማባከናችን ፍትሐዊ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ኃይል የሚበላው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጂ አምፖል አይደለም» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ነገር ግን ምጣድ የሚጣደው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሲሆን፣ አምፖል የሚበራው ሌሊት በመጣ ቁጥር ነው። አምፖልን ለመለወጥም ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

የዋጋውና የጥራቱ ቅሬታ ግን ሊደመጥ የሚገባው ነው። በየሱቁ ከሚሸጡት መካከል በጥቂት ወራት የሚቃጠሉ አሉ። ስለዚህ ገዢው ዋቱን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን መጠን የሚገልጸውን ሉመን ማንበብ፣ ዋስትናም መጠየቅ አለበት። አምፖሎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ ያልቻለ፣ ብዙ ሰዓት ከሚበራው ይጀምር። በግድግዳ ላይ የተደረደሩት የሐረር ስፌቶች ቀለማቸው ደምቆ እንዲታይ የሚሻም 2700 ኬልቪን የተጻፈበትን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ብርሃን ይምረጥ፤ ቁጠባ የቤትን ውበት አያጠፋምና።

በሐረር አፎቻና ዕድር ሰውን በኀዘንና በደስታ የሚያሰባስቡ ጠንካራ ማኅበራት ናቸው። እነዚህ ማኅበራት አባሎቻቸውን አስተባብረው ጥራቱ የታወቀ አምፖል በጅምላ ቢገዙ ዋጋው ይቀላል፤ ሐሰተኛውንም ዕቃ በጋራ መመለስ ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በአንድ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ዋት በሺህ ቤቶች ሲደመር ለሌላ ሰፈር ብርሃን ይሆናል።