የልጅ የውሸት መሣሪያ፣ የፖሊስ እውነተኛ ጥይት

አማርኛችን የአናጺውን መዶሻም የወታደሩን ጠመንጃም በአንድ ቃል «መሣሪያ» ይላቸዋል። ዛሬ የምጽፈው ሁለቱ በሰው ዓይን ሲደባለቁ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። አሜሪካ የሚኖር ወላጅ ልጁ መኝታ ቤቱን ዘግቶ በፎምና በማስቲሽ የቪዲዮ ጌም መሣሪያ ሲሠራ ያይና «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ብሎ ያልፋል። ሥራው ቤት ውስጥ እያለ በእርግጥ ጨዋታ ነው። ከበር ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። ከፊልም፣ ከካርቱን ወይም ከቪዲዮ ጌም የተወሰደ ገጸ ባሕርይን ልብሱን ለብሶ፣ ዕቃውን ይዞ መምሰል ኮስፕሌይ ይባላል። ቃሉ ጃፓን ውስጥ በ1980ዎቹ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተገጣጥሞ የተፈጠረ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ትልልቅ ዓመታዊ ጉባኤዎች አሉት። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ኦታኮን፣ ሜሪላንድ ናሽናል ሃርበር ላይ ካትሱኮን ይካሄዳሉ። ሁለቱም ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ ጉዳዩ የኛም ልጆች ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ሃፍ ላይፍ» የተባለው ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ ጎርደን ፍሪማን ወታደር አይደለም፤ የፊዚክስ ሊቅ ነው። መጀመሪያ እጁ የሚገባው መሣሪያም ጠመንጃ ሳይሆን ሚስማር የሚነቀልበት፣ ሣጥን የሚፈለቀቅበት ጫፉ የታጠፈ ብረት ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ሲሆን ጫፎቹ ላይ ብረቱ ይታያል። ያ ቀይ ብረት የጌሙ መለያ ሆኗል። ፍሪማንን መስሎ የሚወጣ ሰው እሱን ሳይዝ አይወጣም።

«ታዲያ እውነተኛውን ከሱቅ ገዝቶ ቀይ መቀባት አይቀልም?» የሚል ይኖራል። አይቀልም። እውነተኛው እንደ ርዝመቱ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። እሱን ይዞ ስምንት ሰዓት መቆም ክንድ ያዝላል። ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ውስጥ ዞር ሲሉ ደግሞ ከኋላ የቆመውን ሰው ጥርስ ማራገፍ ነው። ጉባኤዎቹም እንዲህ ዓይነት ብረት በበር አያሳልፉም። ስለዚህ ዕቃው ቀላል መሆን አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሐሉ ላይ እንዳይጎብጥ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል። በላዩ ላይ ኢቫ ፎም ይለበጣል። ይህ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት፣ ጂም ቤቶች ወለል ላይ የሚያነጥፉት ለስላሳ ነገር ነው። ፎሙ በስለት ተቆርጦ ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቅና ይገጠማል። አንዴ ከተገጠመ መመለስ ስለሌለ ልኬቱ ቀድሞ ያለቀ መሆን አለበት። ጫፉን ለማጠፍ ፎሙ በሙቅ አየር ይሞቅና እስኪቀዘቅዝ ታጥፎ ይያዛል፤ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። ፎም ቀለም ስለሚመጥ፣ ሲታጠፍም ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ፣ መጀመሪያ እንደ ጎማ የሚለጠጥ መደረቢያ ይቀባል። በመጨረሻ ቀዩ፣ ከዚያም ጫፎቹ ላይ ብርማው ቀለም ይመጣል። ጥቁር ቀለም በስሱ ተቀብቶ በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ ዕቃው ዓመታት የሠራበት አሮጌ ብረት ይመስላል። በደንብ የተሠራ ከሆነ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም።

የማስቲሽን ሽታ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ሥራ መስኮት ተከፍቶ፣ ፎሙ ሲሞረድም አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ የሚሠራ ነው። ወላጅ እዚህ ላይ ቢቆጣጠር አልቃወምም። ሥራውን በሥራነቱ መናቅ ግን ተገቢ አይመስለኝም። መለካት፣ መቁረጥ፣ ማበላሸትና እንደገና መጀመር አለበት። ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርቶ ያደገ አባት ልጁ ከፎም ብረት ሲሠራ «ጊዜህን አታባክን» ካለው የራሱን ልጅነት ረስቷል ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት የአዳራሹን ችግር የሚመለከት ነው። ዕቃው ቀላል ከሆነ አዳራሽ ውስጥ ማንንም አይጎዳም። መንገድ ላይ ግን ቅለቱ ለልጁ አይመሰክርለትም። መንገደኛውም ፖሊሱም ዕቃውን አንስተው አይመዝኑትም፤ ከሩቅ ያዩታል እንጂ። ልጁ ደግሞ ለሳምንታት የደከመው ፎሙ ከሩቅ ብረት እንዲመስል ነው። ሙያው በተሳካለት መጠን አደጋውም ይጨምራል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ለፖሊስ የደወለው ሰው ሽጉጡ የውሸት ሊሆን እንደሚችል፣ የያዘውም ልጅ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ይህ ግን ወደ ቦታው ለተላኩት ፖሊሶች አልተነገረም። መኪናቸው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ልጁ ተመታ፤ በማግሥቱ ሞተ። የተኮሰው ፖሊስ አልተከሰሰም። ከተማው በ2016 ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ዩታ ውስጥ ዳሪየን ሃንት የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የጃፓን ሰይፍ ቅጂ ይዞ በመንገድ ሲሄድ በፖሊስ ተገደለ። ፖሊሶቹ ሰይፉን ሰነዘረብን አሉ፤ ሲሸሽም ተኩሰውበታል። ቤተሰቦቹ የአኒሜ ገጸ ባሕርይ መስሎ ለብሶ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ዐቃቤ ሕግ ግድያው አግባብ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 4 ቀን 2020 ካናዳ ሌዝብሪጅ ከተማ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት የምትሠራበትን ምግብ ቤት ለማስተዋወቅ የስታር ዋርስ ወታደር ልብስ ለብሳ፣ የፕላስቲክ ጠመንጃ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። ፖሊሶች መሣሪያ ደግነውባት መሬት ላይ አስተኟት፤ አፍንጫዋ ደማ። እሷ በሕይወት ወጥታለች።

ልጆቻችን ቤት ውስጥ ሐበሻ ናቸው። ለፖሊስ ዓይን ግን ጥቁር ወጣት ናቸው። ይህን ለልጅ መንገር ይከብዳል፤ ሳይነግሩት ማስወጣት ግን የባሰ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃዎች አፋቸው ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖራቸው ያዛል። ምልክቱ ይወልቃል፤ ይቀባል። ታሚር የያዘው ሽጉጥ ላይም አልነበረም። ሕጉ ስለ ጠመንጃ ቅጂ እንጂ ስለ ሚስማር መንቀያ ወይም ስለ መዶሻ የሚለው ነገርም የለም።

ሌላው መፍትሔ ጨርሶ መከልከል ነው። በ2017 ፊኒክስ ከተማ አንድ ሰው እውነተኛ የተሞሉ ጠመንጃዎች ይዞ ጉባኤው ውስጥ ተያዘ። አዘጋጆቹ በማግሥቱ ማንም የውሸት መሣሪያ ይዞ እንዳይገባ ከለከሉ። ድንጋጤያቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያ ሰው የመጣው በፎም አይደለም። ከፎም የሠራው ልጅ በእውነተኛ ጠመንጃ ምክንያት ተቀጣ። ከዚህ የሚሻለው በብዙ ጉባኤዎች የተለመደው አሠራር ነው፦ በር ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በእጅ ተይዞ ይመረመራል፤ ያለፈው ምልክት ይታሰርበታል። ቅለት ማስረጃ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፤ ዕቃውን አንስቶ የሚያይ ሰው ስላለ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የውሸት መሣሪያ ሲሠራ ለያዡ እጅ ብቻ ሳይሆን ለማያውቀው ሰው ዓይንም ታስቦ መሠራት አለበት። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ንድፍ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ምርጫ ካለ ከጠመንጃ የሥራ መሣሪያ ይመረጥ። ጌሞቹ መፍቻም፣ መዶሻም፣ ዶማም ሞልቷቸዋል። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከመሐሉ ለሁለት እንዲከፈል ተደርጎ ይሠራ። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ተነቅሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከቤት እስከ አዳራሹ በር፣ ከአዳራሹም እስከ ቤት ከቦርሳ አይውጣ፤ ሚስማር መንቀያም ቢሆን ማታ መንገድ ላይ የሌባ ዕቃ መምሰሉ አይቀርም። ሦስተኛ፣ የጌሙ ደማቅ ቀለም አይደብዝዝ። ቀዩ ቀይ ይሁን።

ይህን ሁሉ ስል ሸክሙን ልጁ ላይ ጥዬ ማለፌ አይደለም። ታሚር ከፎም ምንም አልሠራም፤ መናፈሻ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ነበር። ደዋዩ የተናገረው ቃል ለፖሊሶቹ ቢደርስ፣ ፖሊሶቹም ራቅ ብለው ቆመው ቢጠይቁ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ስልክ ተቀባዩ የሰማውን ሁሉ እንዲያስተላልፍ፣ ፖሊስም ከመተኮሱ በፊት ርቀትና ጊዜ እንዲወስድ መጠየቅ የዜጎች ድርሻ ነው። እዚያ አገር ድምፅ የሚሰጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ይህን የከተማቸውን ምክር ቤት አባላት መጠየቅ ይችላሉ። ይህ እስኪስተካከል ደግሞ ቦርሳው ይቅደም።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ነው። አትከልክሉ። የተከለከለ ልጅ ጓደኛው ቤት ይሠራዋል፤ ያኔ ቦርሳ ያዝ የሚለው አይኖርም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ የፎሙን ጫፍ ያዙለት፣ መንገድ ላይ ስለሚሆነውም ያኔ ንገሩት። እጁ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሰማል።

በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን እንዴት እንዳስረዳችኋቸው ጻፉልኝ።